የራስ ተራራ ገደል

ይህ ታሪክ ከራሱ እስከ እግሩ እውነት ነው። ከዋሸሁ ባሮ ስዋኝ አዞ ይገናኘኝ።

ጋምቤላ ክልል ሆና፣ ቢሮዎቿ ገና ወንበር ሳይሞላላቸው፣ አቦቦ አጠገብ ለጥ ያለ ሜዳ መሃል ራስ ተራራ የምትባል እፍኝ የማትሞላ መንደር ነበረች። ነዋሪዎቿ በሰፈራ ከወሎ ደጋ የመጡ ናቸው። ተራራ ሲናፍቃቸው አንድ ጉብታ አገኙና ተራራ አሉት። ጉብታው ላይ ያለው ቤት «ላይ አምባ»፣ ከሥሩ ያለው «ታች አምባ» ይባላል፤ የላይ አምባ ሰው ክንዱን ቢዘረጋ ከታች አምባ ድስት ሽሮ ይጨልፋል። ሙቀቱ ድንጋይ ሲያቀልጥ ጋቢ ደርበው «ብርዱ ጠና» ይባባላሉ። ላባቸው ይወርዳል፤ ጋቢው አይወርድም።

አንድ ማለዳ ሊቀመንበራቸው ወንዶሰን «ገደል ሥር» ሞቶ ተገኘ። ከአቦቦ ፖሊስ መርማሪዋ አስር አለቃ አኬሎ ተጠርታ መጣች። አኬሎ ንግግሯ አጭር፣ ዓይኗ ረጅም የሆነ አኙዋክ ናት። ስትደርስ ኑዌሩን ዓሣ ነጋዴ ዱዋልን ከነቅርጫቱ ማንጎ ዛፍ ላይ ታስሮ አገኘችው።

«ማን አሰረው?»

«እኔ» አለ አያ አስማረ። የመንደሩ የወግ ጠባቂ ነው፤ ነጠላዋን አሳምራ ያልለበሰች ሙሽራ ከደጅ ይመልሳል። «ገፍቶ ገደል የከተተው እሱ ነው። ትናንት ተራራችንን የምስጥ ኩይሳ ብሎ ሰድቧል። ዛሬውኑ ወስደሽ ካላሳሰርሽው ጎረምሶቹን መያዝ ያቅተኛል።»

ጎረምሶቹ ዱላቸውን ያሻሹ ነበር።

«ገደሉ የታለ?»

«ጫፉ ላይ ቆመሻል የኔ ልጅ» አሉ እማማ እሙዬ። «ወደ ታች አትዪ፣ ያዞራል።»

አኬሎ ወደ ታች አየች። ገደሉ ጉልበቷ ድረስ ይሆናል። አንዲት ዶሮ ጫጩቶቿን አስከትላ ትወጣበታለች። አኬሎ ተራመደችና ሬሳው ዘንድ ቆመች። የራስ ቅሉ ከኋላ በኩል በከባድ ነገር ተመትቶ ተሰንጥቋል። ከጭንቅላቱ ሥር ያለው ሣር ግን ደም አልነካውም።

ቀና ብላ ሰዎቹን አየቻቸው። ይህ ገደል ሰው አይገድልም የሚል አንድ አፍ ጠፋ። ከሊቀመንበራቸው መሞት ይልቅ ገደላቸው መናቁ የሚከፋቸው ሰዎች ናቸው።

ወደ ዱዋል ሄደች። «አንተስ ምን ትላለህ?»

«ዓሣ ይዤ መጣሁ። ሰው ተሰብስቧል። ያዙኝ።»

«ኩይሳ ነው ብለሃል?»

«ብያለሁ። አሁንም ኩይሳ ነው።»

«ዝም ብትል ይሻልህ ነበር።»

«ዝም ብልም ኩይሳ ነው።»

የሟች ሚስት እታገኝ ደጇ ላይ ተቀምጣለች። አኬሎ አጠገቧ ቁጢጥ አለች። «ከማን ጋር ተጣልቶ ነበር?»

«ከመንደሩ ሁሉ። መንገድ ዳር እንውረድ፣ ውኃውም ክሊኒኩም እዚያ ነው አለ። ዛሬ ማልዶ ጋምቤላ ሄዶ ሊያመለክት ነበር የወጣው።»

«እነሱስ?»

«መውረድ ውርደት ነው አሉ።»

ሬሳውን ያገኙት እማማ እሙዬ ናቸው። «ሞቷል ብለው ጮሁ?» አለቻቸው አኬሎ።

«ኧረ ወዲያ። እኛ እንደ ሜዳ ሰው ሞት አናፈርጥም። መርዶ ወግ አለው። ሚስቱ እንዳትደነግጥ ‹ላም ገደል ገባች› ብዬ ተጣራሁ።»

«ሰዉ ምን ይዞ መጣ?»

«ቢላዋ፣ ገመድ፤ ሚስቱማ ሳፋ። ሳትሞት ትባረክ ብሎ ነዋ። ወግ ልማር ካልሽ ግን አስማረን እዪ። ቤቱ ከሁሉም ይርቃል፤ እሱ ግን ነጠላውን አዘቅዝቆ፣ ጥለቱን አንገቱ ሥር አድርጎ፣ እንደ ጨዋ ለቀስተኛ ነው ከቤቱ የወጣው።»

አኬሎ ሁሉንም ማንጎው ሥር ሰበሰበቻቸው። ጥላው ሥር ጋቢያቸውን አጥብቀው ተቀመጡ።

«ወንዶሰን እዚህ አልሞተም» አለች። «ደሙ ሌላ ቦታ ነው የቀረው። አንድ ሰው ከኋላው መታውና አምጥቶ ገደል ሥር አስተኛው። ለምን ገደል ሥር? ገደሉ ሰው ይገድላል ብሎ ስለሚያምን። ዱዋል ኩይሳ ነው ብሎ ታስሯል። ኩይሳ ነው የሚል ሰው ከኩይሳ ወድቆ ሞተ አያስብልም።»

«ታዲያ ማን ነው?» አለ ከጎረምሶቹ አንዱ።

«ገደሉን የሚያምን። ማለት ሁላችሁም።» ወደ አስማረ ዞረች። «እማማ ግን ላም ብለው ተጣሩ። ሁሉም ለሥጋ መጣ። የሟች ሚስት እንኳ ሳፋ ይዛ ወጣች። አያ አስማረ፣ እርስዎ ነጠላ ያዘቀዘቁት ለላም ነው?»

አስማረ አንገቱ ሥር ያለውን ጥለት ዳሰሰ። ሁሉም አየው።

«ታዲያ ሰው ሞቶ እንደ ሠርገኛ ለብሼ ልምጣ?» አለ። «ምን ይሉኛል?»

«ሰው መሞቱን ማን ነገረዎት?»

ጥለቱን ለቀቀው። «ተራራ ላይ የተወለደን ሰው ሜዳ ውረድ አይሉትም» አለ። «ለመንኩት። አልሰማም ብሎ ጀርባውን ሰጠኝ። ዱላዬ እጄ ላይ ነበር።»

እታገኝ ፊቷን በእጆቿ ሸፈነች። እማማ እሙዬ ግን አስማረን ተቆጡት፤ «ዱላ ምን አስፈለገህ? ትንሽ ብትገፋው ገደሉ ይበቃው አልነበር?»

ዱዋል ተፈታ። መንደሩ በሙሉ ድንጋይ ተሸክሞ እግሩ ላይ ወደቀ፤ ይቅርታም ጠየቀው።

እዚህች ላይ አንዲት ነገር ጨምሬያለሁ። ድንጋይ የተሸከመም፣ ይቅርታ የጠየቀም የለም። የጠየቁት «ዓሣው አልሸተተም?» ብለው ነው።