ሃያ ሁለተኛ ረድፍ፣ ወንበር 119

«አያትሽ በሕይወት አሉ አይደል?»

ኔል ይህን ጥያቄ ያን ቀን መመለስ አልቻለችም። ከመስታወቱ ወዲያ የተቀመጠችው የእግር ኳስ ክለቡ የትኬት ቢሮ ሠራተኛ የጠየቀቻት በክፋት አልነበረም። ደረቷ ላይ «ፕሪያ» የሚል ስም ለጥፋለች፤ ፈገግ ብላ፣ ዓይኗን ከኮምፒውተሩ ሳታነሳ ነበር የጠየቀቻት። በኔል እጅ ላይ የአያቷ ፓስፖርትና የዓመት ትኬታቸው ካርድ አለ። ከኋላዋ ሰልፉ እስከ በሩ ድረስ ተዘርግቷል።

«አሟቸዋል» አለች በመጨረሻ። «አልጋ ላይ ናቸው።»

አባቷ እንዲህ በይ ብሎ ያስጠናት ነው። አያቷ ዊልፍ የሞቱት ግን የዛሬ ሦስት ዓመት፣ በኅዳር ወር ነበር።

«ውይ፣ አይዞሽ» አለች ፕሪያ። «ዘንድሮ ሕጉ ጠብቋል፤ በአረጋውያን ዋጋ የሚገባ ሁሉ ራሱ ቀርቦ መታየት አለበት። በዚያ ላይ በስታዲየሙ ምዕራብ በኩል የአረጋውያን ቦታ ስልሳ ብቻ ሆኗል። ብዙ ዓመት የቆየ ይቀድማል። አያትሽ አሥራ አንደኛ ናቸው፣ ዕድለኛ ናቸው። መምጣት ካቃታቸው ሐሙስ በአሥር ሰዓት በስልክ ቪዲዮ እደውላለሁ። ፊታቸውን አይቼ ሁለት ጥያቄ ከጠየቅኋቸው ይበቃኛል። ካልሆነ ግን ቦታው ለተከታዩ ይሰጣል።»

ኔል አመስግና ወጣች። አባቷ ሬይ ራሱ ያልመጣው ለምን እንደሆነ ታውቃለች። «ልጅን ማንም አይጠረጥርም» ብሏት ነበር ጠዋት፣ ካልሲውን እየፈለገ።

ያ ቅዳሜ ክለቡ በሜዳው የሚጫወትበት የውድድር ዓመቱ የመጨረሻ ቀን ነበር። ደረጃውን ወጥታ፣ አባቷ በራሱ ወንበር ቀድሞ ወደተቀመጠበት ሃያ ሁለተኛው ረድፍ ስትደርስ፣ ከኋላ የሚቀመጠው ወፍራሙ ዱጊ እንደ ልማዱ ጮኸ።

«ዊልፍ መጣች! ዊልፍዬ፣ ሪህሽ እንዴት አደረ?»

«ተሽሎኛል። ያንተ ቦርጭ እንዴት ነው?»

ረድፉ በሙሉ ሳቀ። ቀልዱ ሦስት ዓመት የቆየ ነው። ኔል ወንበር 119 ላይ የምትቀመጠው በአያቷ ካርድ ገብታ መሆኑን በዚያ ረድፍ የማያውቅ ሰው የለም። የክለቡ ደንብ ወንበር ለልጅም ለልጅ ልጅም እንዲወረስ አይፈቅድም። ሰው ሲሞት ወንበሩ ለክለቡ ይመለሳል፤ ከዚያ ተራ ለሚጠብቁት ይሰጣል። አባቷ ግን የአያቷን ሞት ለክለቡ ሳይናገር ቀረ። በየዓመቱ በስማቸው፣ በአረጋውያን ዋጋ ይከፍላል። ክለቡም በየዓመቱ ለዊልፍ የልደት መልካም ምኞት ይልካል።

ሐሳቡን መጀመሪያ ያመጡት አክስት አይሪን ነበሩ። የሥጋ ዘመድ አይደሉም፤ ወንበር 120 ላይ አርባ አንድ ዓመት ስለተቀመጡ ነው አክስት የተባሉት። ከቀብሩ በኋላ ሳንድዊች እያከፋፈሉ፣ «ዝም በል ሬይ፤ የዊልፍን ወንበር የዊልፍ ልጅ ልጅ ትያዘው። ማንን ይጎዳል?» አሉት።

አክስት አይሪን ከመቀመጣቸው በፊት ሁልጊዜ በመሐረባቸው ወንበራቸውን ይጠርጋሉ። ከዚያ የኔልን ይጠርጋሉ። ያን ቀንም ጠረጉ፤ ከቦርሳቸው የናና ከረሜላ አውጥተው ለኔል ሰጧት፣ ፔርሙዛቸውን ከፈቱ።

«የምሥራች አለኝ» አሉ ሻይ እየቀዱ። «ስልሳ አንደኛ ነኝ!»

«ስልሳ አንደኛ ምን?» አለ ዱጊ።

«ከአረጋውያኑ ነዋ! ቦታው ስልሳ ነው። እኔ ስልሳ አንደኛ።»

«ታዲያ በሙሉ ዋጋው ግቢያ።»

«ሺህ አንድ መቶ ፓውንድ? ክረምቱን ያለ ማሞቂያ ልክረም? አንተ እንኳን ስብህ ያሞቅሃል።» አክስት አይሪን እየሳቁ ቀጠሉ፤ «አሁንማ ተስፋዬ አንድ ነው። ከፊቴ ካሉት ሽማግሌዎች አንዱ እልም ቢልልኝ...»

ዱጊ በሳቅ ፈረሰ። ከዚያ ሳቁን በድንገት ዋጠው። ኔልን አየ፣ አባቷን አየ፣ ጫማውን አየ። አባቷ ተጫዋቾቹ ገና ያልወጡበትን ባዶ ሜዳ አፍጥጦ ይመለከታል። አክስት አይሪንም ያሉት ነገር ለራሳቸው አሁን የተሰማቸው ይመስል ፊታቸው ቀላ። የፔርሙዙን ክዳን ዘጉ።

«ኑሮ ነው» አሉ ቀስ ብለው። «በሬዲዮም ጥሩ ይሰማል።»

ጨዋታው አንድ ለአንድ አለቀ። ኔል ጎሎቹን አላየቻቸውም ማለት ይቻላል። ሰው ሁሉ ሲነሳ አክስት አይሪን መሐረባቸውን አወጡ። ወንበራቸውን ጠረጉ፣ የኔልንም ጠረጉ። ጨዋታ ካለቀ በኋላ ሲጠርጉ አይታቸው አታውቅም።

ወደ ቤት ሲሄዱ ድልድዩ ላይ ደረሱ።

«አባዬ፣ አክስት አይሪን ስልሳ አንደኛ ናቸው።»

«ሰማሁ።»

«አያቴ ደግሞ አሥራ አንደኛ።»

«ኔል፣ እባክሽ።»

«የሞተ ሰው ነው እኮ ቦታቸውን የያዘባቸው!»

አባቷ ቆመ። ሰዎች ግራና ቀኝ እየተጋፉ አለፏቸው። «ተራ አስይዤልሽ የነበረው በተወለድሽበት ቀን ነው። ከሆስፒታሉ እንኳ ሳልወጣ፣ ከኮሪደሩ ስልክ ደውዬ። ዛሬ ስንተኛ ነሽ? አሥራ አራት ሺህ ስንት መቶ። ይቺን ወንበር ከለቀቅናት ተመልሰሽ የምትገቢው ልጅ ወልደሽ ነው።»

«እሺ፤ ግን እሳቸው...»

«ከተነቃ የእኔንም ይነጥቁኛል። ገባሽ? ሁለቱንም።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ባይነጥቁኝስ? አንቺ ከሌለሽ እዚያ ቁጭ ብዬ ምን ልሠራ ነው?»

አባቷ በእቃ ማከፋፈያ መጋዘን ነው የሚሠራው፤ ፈረቃው ከትምህርት ቤቷ ሰዓት ጋር አይገጥምም። እናቷ ወደ ሌላ ከተማ ከሄደች ወዲህ ቤት ውስጥ የሚያወሩት ስለ ቆሻሻ ማውጫ ቀንና ስለ ወተት ነው። ወሬ ያላቸው እዚያ ወንበር ላይ ብቻ ነበር። ሒሳብ መውደቋን የነገረችው እዚያ ነው፣ የማዕዘን ምት ሊመታ ሲል። እሱም እናቷ እንደማትመለስ የነገራት እዚያው ነው፤ ሁለቱም ዓይናቸውን ከኳሱ ሳይነቅሉ። ፊት ለፊት ቢሆኑ ኖሮ አይነጋገሩትም ነበር።

እውነቱን ብትናገር ያን ታጣለች። ዝም ብትል ደግሞ ከአክስት አይሪን ከረሜላ እየተቀበለች... አይ፣ እሱም አይሆንም፤ አክስት አይሪን እዚያ አይኖሩማ። ሳምንቱን ሙሉ ሐሳቧ በር እንደተዘጋባት ድመት ከግድግዳ ግድግዳ ሲላተም ሰነበተ። ምሳዋን ሳትበላ ትመልሳለች። አባቷ ይህን አይቷል፤ ምን ሆነሽ ብሎ ግን አልጠየቃትም፤ ስለሚያውቀው።

ሐሙስ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ሳሎኑ መጋረጃው ተዘግቶ ጨልሟል። በሶፋው ላይ፣ ብርድ ልብስ እስከ ደረታቸው ተከናንበው፣ የአያቷን ቆብ አድርገው የተቀመጡት ሚስተር አልበርት ናቸው። ጡረታ የወጡ የአውቶቡስ ሹፌር፣ የቀኝ ጎረቤታቸው።

«ዊልፍሬድ ሃርግሪቭስ እባላለሁ» አሉ አልበርት እየተለማመዱ። «የተወለድኩት... ስንት ነው ያልከኝ?»

«መጋቢት ዘጠኝ!» አለ አባቷ። «አልበርት፣ ለአሥረኛ ጊዜ!»

«ሰው ሲያረጅ ልደቱን ይረሳል። እንዲያውም ይበልጥ ያምኑኛል።»

«ብቻ አስሉ። ብዙ አትናገሩ፤ አስሉ።»

አልበርት አሳሉ። ጥሩ ሳል ነበር። ሌላ ቀን ቢሆን ኔል በሳቅ ትሞት ነበር። አሁን ግን የምታየው ቆቡን ነው። ጠርዙ ላይ አያቷ በጣታቸው ሲነካኩት ያሳሱት ቦታ አለ፤ የአልበርት ጣት ደግሞ ሌላ ቦታ ላይ አርፏል።

አባቷ ስልኩን ሰጣት። «አንቺ ያዢው። የትኬት ቢሮዋ ልጅ ድምፅሽን ታውቀዋለች። ሰላም በያት፣ ከዚያ ወደ አልበርት አዙሪው። በቃ፤ ከዚያ አለቀ።»

«አባዬ፣ እኔ...»

ስልኩ ጮኸ።

ሳሎኑ ጠባብ ነው። ከበሩ ፊት አባቷ ቆሟል፣ ከመስኮቱ ሥር አልበርት ተቀምጠዋል። የሚወጣበት አልነበረም። ኔል አረንጓዴውን ነካች፤ የፕሪያ ፊት ብቅ አለ።

«ሰላም ኔል! አያትሽስ? ትንሽ ተሻላቸው?»

አባቷ በእጁ ምልክት ሰጣት፦ አዙሪው። አልበርት ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

ኔል ስልኩን አላዞረችውም።

«ቅዳሜ ጠይቀሽኝ ነበር» አለች። «በሕይወት የሉም። አያቴ ሞተዋል።»

አባቷ ምልክት የሰጠበትን እጁን አወረደ።

«መቼ?» አለች ፕሪያ።

«የዛሬ ሦስት ዓመት። በካርዳቸው የምገባው እኔ ነኝ።»

«አዝናለሁ» አለች ፕሪያ። «ካርዳቸውን መመለስ አለባችሁ። የአባትሽን ወንበር በተመለከተ ለኃላፊዬ ማሳወቅ ግዴታዬ ነው። ይገባሻል አይደል?»

«ይገባኛል። የዊልፍ ቦታ ለስልሳ አንደኛው ነው የሚሰጠው?»

«አዎ፤ በተራ ነው።»

ስልኩ ተዘጋ። አባቷ ወደ አልበርት ሄዶ ቆቡን ከራሳቸው ላይ ቀስ አድርጎ አነሳና በር አጠገብ ካለው መስቀያ ላይ ሰቀለው።

«እና አሁን ሞቻለሁ ማለት ነው?» አሉ አልበርት።

የክለቡ ደብዳቤ ከአምስት ሳምንት በኋላ መጣ። አባቷ የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ ተሰጥቶት ወንበሩ ተረፈለት። አንብቦ ጠረጴዛው ላይ፣ ኔል እንድታየው አድርጎ ተወው። እስከዚያ ድረስ ሲነጋገሩ የነበረው ስለ ወተት ብቻ ነው።

በነሐሴ፣ የመጀመሪያው ጨዋታ ቀን፣ አባቷ የክለቡን የአንገት ልብስ ጠምጥሞ በር ላይ ቆመ። አልሄደም። ቁልፉን በእጁ ያገላብጣል። ኔል ጫማዋን አደረገችና አብራው ወጣች። ድልድዩን ተሻገሩ፤ ሜዳው ታየ።

«ሒሳቡ እንዴት ሆነ?» አለ አባቷ ድንገት፣ ወደ ፊት እያየ። «የዓመቱ መጨረሻ ፈተና?»

«አለፍኩ። ለጥቂት።»

«ለጥቂትም ማለፍ ነው።»

ከመግቢያው በር አጠገብ አክስት አይሪን አዲሱን የአረጋውያን ካርዳቸውን ይዘው ቆመው ነበር። ኔልን ሲያዩ ፊታቸው ተለዋወጠ።

«ማን አድርጊ አለሽ?» አሉ በቁጣ። ዓይናቸው ግን እንባ ሞልቷል። «እኔ ጠየቅሁሽ? ቃል ተናገርኩ?»

«አልተናገሩም፣ አክስት አይሪን።»

አሮጊቷ አፍንጫቸውን በመሐረባቸው ጠረጉ፣ ከቦርሳቸው የናና ከረሜላውን ከነከረጢቱ አውጥተው በኔል መዳፍ ውስጥ ጨመቁት፤ ከዚያ ፊታቸውን አዙረው ገቡ። አባቷ ተከተላቸው። በሩ ላይ አንዴ ዞር ብሎ ተመለከታት፤ ኔል እጇን አነሳችለት።

ሕዝቡ ወደ በሩ ሲጎርፍ እሷ ብቻ በተቃራኒው ሄደች። ድልድዩ ላይ ስትደርስ የመጀመሪያው ጩኸት ከኋላዋ ተነሳ።

በሃያ ሁለተኛው ረድፍ አክስት አይሪን ተቀምጠዋል፤ አባቷም ተቀምጧል። የሄዱት ዊልፍና ኔል ናቸው።