ነገ ስኬቲንግ አለ

መልከጼዴቅ የሞተ ዕለት ካናዳ፣ ካልጋሪ ከተማ፣ ካስልሪጅ ሰፈር ውስጥ ከልቡ ያዘነለት ሰው ቢፈለግ አይገኝም ነበር። ሬሳው የተገኘው የሰፈሩ ልጆች በሚማሩበት መለስተኛ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት፣ ከጂሙ ጀርባ ባለችው ጠባብ ክፍል ውስጥ ነው። ማጅራቱን በማይክራፎን ማቆሚያ ብረት ተመትቶ በግንባሩ ተደፍቷል። ጠረጴዛው ላይ የስልክ መልእክት መቅጃው፣ ከጎኑ ደግሞ ክዳኑ ያልተነሣ የምሳ ዕቃው ተቀምጠዋል።

ሥራው የሐበሻ ወላጆችንና ትምህርት ቤቱን ማገናኘት ነበር። በየቀኑ ከሰዓት በኋላ የትምህርት ቤቱን ዜናና መጪ ዝግጅቶች በአማርኛ ስልኩ ላይ ያስቀምጣል፤ ከሺፍት የወጣ ወላጅ ደውሎ ያዳምጣል። ነገሩ መልካም ነበር፤ መልከጼዴቅ ግን ምላሱን መሰብሰብ አያውቅም። የማን ልጅ ከክፍል እንደተባረረ፣ የማን አባት ስብሰባ ላይ እንዳንኮራፋ፣ ሁሉም ለእሱ ዜና ነው። ሰው እየተሳደበ ይደውላል፤ እየተሳደበም እስከ መጨረሻው ያዳምጣል።

በዚያ ሳምንት፣ በፈረንጆቹ 1996 የሁዳዴ ጾም በገባ ሰሞን፣ ተራው የሩቂያ ሆነ። ሩቂያ ባሏ የሞተባት፣ ሆቴል ውስጥ ክፍል እያጸዳች ልጇን የምታሳድግ ሴት ናት። ልጇ ኢክራም የእግር ጣቷን ውርጭ መትቷት ሐኪም ቤት ተኝታ ወጥታለች። ማክሰኞ መልከጼዴቅ በስልኩ፣ «ልጇን በዚህ ብርድ በቀላል ጫማ የምትለቅ እናት መካከላችን አለች፤ ስሟም ሩቂያ ይባላል» ብሎ አረፈው። ሐሙስ ተማሪ ከተለቀቀ በኋላ ሩቂያ መጥታ የዚያችን ክፍል በር በቡጢ እየደበደበች ስትራገም ኮሪደሩ ሁሉ ሰማ። ብዙም ሳይቆይ የቢሮ ረዳቷ ጥሩወርቅ ሲዘጋ በራሱ የሚቆለፈውን በር በትርፍ ቁልፍ ከፍታ ሬሳውን አገኘች።

ፖሊስ ብዙ አልተጨነቀም። ክፍሉ የቦይለሩ ጎረቤት ሆኖ በጣም ስለሚሞቅ ሐኪሙ ሰውዬው የሞተበትን ሰዓት ቆርጦ መናገር አልቻለም። እኩለ ቀን ላይ ስልኩ ላይ የነበረው ግን ገና የረቡዕ መልእክት ነው፤ የሐሙሱ የተሰማው ከዚያ በኋላ ነው። እንግዲህ ሰውዬው ከሰዓት በኋላ በሕይወት ነበር፤ ከዚያ ወዲያ በሩ ላይ የታየችው ደግሞ ሩቂያ ብቻ ናት። ሰኞ ክስ እንደሚመሠረትባት፣ ኢክራምንም መንግሥት እንደሚወስዳት ተነገራት። ሰፈሩ ሰኞን አልጠበቀም። ክርስቲያኑም እስላሙም ፊቱን አዞረባት፤ ትናንት መልከጼዴቅን ሲረግሙ የነበሩት አንደበቶች ዛሬ ነፍሱን ይማር እያሉ በእሷ ላይ ተነሡ።

ዓርብ ጠዋት ጠበቃዋ ሙሉሸዋን ጠራት። ሙሉሸዋ አዲስ አበባ ፖሊስ ውስጥ ወንጀል ስትመረምር ኖራ ካልጋሪ ላይ የግል መርማሪነት ፈቃድ ያወጣች፣ ፈገግ ስትል ሰው የሚያስደነግጥ ሴትዮ ናት። ሩቂያ ቤት ገብታ ገና ሳትቀመጥ ጠየቀቻት።

«ገድለሽዋል?»

«ብገድለው ደስ ባለኝ!» አለች ሩቂያ።

«እሱን አልጠየቅሁሽም።»

«አልገደልኩትም፣ እትዬ። በሩን አልከፈተልኝም። ሳንኳኳ፣ ስጮህ፣ ዝም አለኝ። የናቀኝ መስሎኝ የባሰ ተናደድኩ።»

«ምን አልሽው?»

ሩቂያ ፊቷን በሻርፗ ሸፈነች። «‹ሬሳህ ይውጣ› አልኩት።»

ሙሉሸዋ ቤቱን ቃኘች። ዓይኗ በሩ ሥር ወደተደረደሩት ጫማዎች ሄዷል። አንድ የልጅ ቡት አለ፤ ወፍራም፣ ጠጉር ያለው፣ ብዙ የተለበሰ። ከጎኑ ጥቁር የቅርጫት ኳስ ጫማ አለ፤ ጠርዙ ዙሪያውን በመንገድ ጨው ነጥቷል።

«ቡቱን መቼ ነው የገዛሽላት?»

«በረዶ ሳይጥል ነዋ! ምን ዓይነት እናት ብመስልዎት ነው?»

«ኢክራም፣» አለች ሙሉሸዋ ወደ ልጅቷ ዞራ፣ «የባስኬት ጫማሽን ከጂም ውጪ ምን አስወጣው?»

ኢክራም በፋሻ የተጠቀለለ እግሯን ወንበሩ ሥር ደበቀች። «አይ ዶንት ኖው፣ አላውቅም» አለች።

ጥሩወርቅ ቢሮዋ ውስጥ ተገኘች። ከንፈሯን ነክሳ ነው የተቀበለቻት።

«ትጠይው ነበር ይባላል።»

«ማን ይወደው ነበር? ያ ሥራ የሚገባው ለእኔ ነበር። ሲታመም ግን የምንተካው እኔና አሠልጣኙ ደርበው ነን።»

«የስልኩን ኮድ ታውቃላችሁ ማለት ነው።»

«እኔና እሱ ብቻ። ኮዱን ካወቅሽ ከየትም ስልክ ደውለሽ መልእክቱን መቀየር ትችያለሽ።»

«መልከጼዴቅ ሥራውን የሚሠራው እንዴት ነበር?»

«ማለዳ ቤቱ ሆኖ በካሴት ይቀዳል፤ ድምፄ የሚያምረው ማለዳ ነው ይላል፣ ጉረኛ። ከሰዓት በኋላ ካሴቱን በስልኩ ያጫውተዋል፤ የተለወጠ ነገር ካለ እዚያው እርማት ይጨምርበታል። ተሳስተሃል መባል ሞቱ ነበር።»

«ሐሙስስ የተለወጠ ነገር ነበር?»

«ቺኑክ፣ ያ ሞቃት ነፋስ፣ መጣ አይደል? ጠዋት ድንጋይ የነበረው በረዶ እኩለ ቀን ላይ ከየጣሪያው ይንጠባጠባል። ፕሪንሲፓሏ በስፒከር የዓርቡን ስኬቲንግ፣ የበረዶ ላይ መንሸራተቱን፣ ካንስል አደረገች፤ የኩሬው በረዶ አይታመንም ብላ። ልጆቹ በንዴት ሕንጻውን አናወጡት። እኔ ራሴ ለስንቱ ወላጅ ‹ተሰርዟል› ስል ዋልኩ!»

ሙሉሸዋ እዚያው ጠረጴዛ ላይ ያለውን ስልክ አንሥታ የመልእክቱን ቁጥር መታች። አዳመጠች። ዘግታ እንደገና አዳመጠች። «ደርበው የት ነው?» አለች።

ደርበው የሴቶቹ ቅርጫት ኳስ ቡድን አሠልጣኝ ነው፤ ያለ ክፍያ ስለሚሠራ ሰፈሩ በእሱ ይምላል። ጂም ውስጥ ኳስ እየሰበሰበ አገኘችው።

«እትዬ ሙሉሸዋ፣ እኔን ምን ይጠይቁኛል? ሐሙስ ጠዋት ቲሙን በቫን ይዤ ለጌም ወደ ኮክረን ከተማ ሄጃለሁ፤ የተመለስኩት ሲመሽ ነው። ሃያ ምስክር አለኝ።»

«ከመሄድህ በፊት አላየኸውም?»

«እሱን ማን ፈልጎ ያየዋል?»

«ከኮክረንስ ስልክ ደውለህ ነበር?»

ደርበው ኳሷን ሁለት ጊዜ አነጠራት። «ለባለቤቴ። ጌሙን ልነግራት።»

«ኢክራምስ ቲሙን ለምን ለቀቀች?»

«እናቷ ጫማ ስለማታለብሳት!» ብሎ ሳቀ። ሙሉሸዋ አልሳቀችም።

መውጫው ላይ ናሆሚን አገኘቻት፤ ናሆሚ የቡድኑ አምበል ናት። ሐሙስ ኮቹ እንዴት እንደነበረ ጠየቀቻት።

«ላይክ... ዊርድ ነበር፣ ሌላ ሰው ሆኖ» አለች ናሆሚ። «ፔይ ፎን ላይ ቆሞ ምንም አላወራም። አይ ሚን፣ ቶታሊ ዝም! ሁልጊዜ ስልክ ሲይዝ ‹እንዴት ነሽ፣ ደህና ነሽ፣ ልጆቹ ደህና ናቸው፣ እናትሽ ደህና ናቸው› ፎርኤቨር ነው፤ እኛ እንስቅበታለን። ያን ቀን ሄሎ እንኳን አላለም። ጀርባውን ሰጥቶን ብቻ ቆመ።»

«የምትሞቁበት ሙዚቃ ማጫወቻ ቴፓችሁስ?»

«እሱ ጋ ነበር። ለዋርም አፕ ስጠን ስንለው፣ ኦ ማይ ጋድ፣ እንዴት ጮኸብን!»

ቅዳሜ ማታ በጂሙ ውስጥ የባህል ምሽት ሊደረግ ታስቦ ነበር። ዝግጅቱ ቢሰረዝም ወንበሮቹ እንደተደረደሩ ነበሩና ሙሉሸዋ ሁሉንም በቀትር እዚያ ሰበሰበቻቸው። ፕሪንሲፓሏ መጣች፤ መርማሪ ፖሊሱ ከአስተርጓሚው ጋር ኋላ ተቀመጠ። ሩቂያና ኢክራም በገቡ ጊዜ በዙሪያቸው ያሉ ወላጆች ወንበር ቀየሩ።

«ወንበር የቀየራችሁ፣» አለች ሙሉሸዋ፣ «የተቀመጣችሁበትን አስታውሱ። በኋላ ማፈራችሁ አይቀርም።»

የጂሙን ስልክ ድምፅ ማጉያ ላይ አድርጋ ቁጥሩን መታች። የመልከጼዴቅ ድምፅ ጂሙን ሞላው።

«እንደምን ዋላችሁ፣ ወላጆች። ዛሬ ሐሙስ ነው። ነገ ስኬቲንግ አለ፤ ልጆቻችሁን ወፍራም ካልሲ አልብሱ። የሳይንስ ኤግዚቢሽን በሚመጣው ሳምንት ነው፤ ሥራውን አባቶች ሳትሆኑ ልጆቹ ይሥሩት። ቅዳሜ የባህል ምሽት አለ፤ ዶሮ ወጥ ይዘን እንመጣለን ብላችሁ የፎከራችሁ፣ ጾም መሆኑን አትርሱ።»

ቀጭ አለና ጸጥ አለ።

«ምን ጎደለ?» አለች ሙሉሸዋ።

ወላጆቹ ተያዩ። «መጨረሻው የለም» አለች ጥሩወርቅ ቀስ ብላ። «‹ጿሚውንም ሰጋጁንም በሰላም ያሳድረን› ሳይል ዘግቶ አያውቅም።»

«አስተርጓሚው ያለውን ተረጎመ፤ የጎደለውን ማን ይተርጉመው?» አለች ሙሉሸዋ። « ሁላችሁም ሰምታችሁታል፤ ሩቂያን በመፍረድ ተጠምዳችሁ ግን ልብ አላላችሁም። ሁለተኛው ነገር፦ ‹ነገ ስኬቲንግ አለ› ይላል። ስኬቲንጉ እኩለ ቀን ላይ በስፒከር ተሰርዟል፤ ስፒከሩ እሱ ክፍል ውስጥም አለ። ተሳስተሃል መባል ሞቱ የሆነ ሰው ከሰዓት በኋላ በሕይወት ቢኖር ያርመው ነበር። ይህ የማለዳው ካሴት ነው። ያጫወተውም እሱ አይደለም።»

«ሦስተኛው ምሳው ነው» ብላ ሙሉሸዋ ቀጠለች። « መልከጼዴቅ በሁዳዴ ከዘጠኝ ሰዓት በፊት እህል አይቀምስም፤ ዘጠኝ ሲሞላ ግን አንዲት ደቂቃ አያሳልፍም። ይህንንም በስልክ ሲመጻደቅበት ሰምታችሁታል። ሩቂያ በሩን የደበደበችው ዘጠኝ ካለፈ በኋላ ነው። የምሳ ዕቃው ክዳን ግን አልተነሣም። ሩቂያ የተራገመችው ሬሳ ላይ ነው።»

ሩቂያ አፏን በእጇ ያዘች።

«ኮዱን የሚያውቁ ሁለት ሰዎች ናቸው። ጥሩወርቅ ስኬቲንጉ መሰረዙን ሰምታ ለሌላው ስትናገር ስለዋለች ያንን ካሴት እንዳለ አታጫውተውም ነበር። ሌላው ሰው ጠዋት ከከተማ ወጥቶ ነበርና መሰረዙን አላወቀም። ኮክረን ላይ የቡድኑን ቴፕ ይዞ ስልክ ሲያነሣ ልጆቹ አይተውታል፤ አንድ ቃል አልተነፈሰም፤ ካሴቱን ለስልኩ እያጫወተ ነበር፤ መጨረሻው ሳይደርስም አቆመው። ደርበው፣ ሰላምታ ብቻ ሩብ ሰዓት የሚፈጅብህ ሰው፣ ለባለቤትህ ‹እንዴት ነሽ› ሳትል ስለ ጌሙ በምን ነገርካት?»

«መስመሩ... መስመሩ ተቋርጦ ነበር» አለ ደርበው።

«ባለቤትህን ጠይቄያታለሁ። ሐሙስ ስልኳ አልጮኸም።»

ደርበው ተነሣ። «በምን ምክንያት ነው የምገድለው? ንገሩኝ!»

ሙሉሸዋ ወደ ኢክራም ዞረች። ድምፅዋ አልለሰለሰም፤ አጠገቧ ሄዳ ግን ቆመች። «ልጄ፣ አሁን የሚነካሽ የለም። ጫማሽን ያስወጣው ማነው?»

ኢክራም እናቷን አየች። «ያለፈው ወር፣ ከኮክረን ስንመለስ» አለች። «ስለተሸነፍን። ፍሪ ትሮው ስቼ። ኮች ከነባስኬት ጫማዬ ከቫኑ አወረደኝ፤ ሌሎቹን እንዳትናገሩ ብሎ አስፈራራቸው፤ ተራመጂ ብሎኝ ሄደ። ሲመለስ እግሬ አይሰማኝም ነበር። ለእማዬ በእግሬ ስመጣ ነው በያት አለኝ። ካወራሽ ፖሊስ እናትሽን ያስራል፣ አንቺን ይወስዱሻል አለኝ። ጋሼ መልኬ እማዬን ሲሰድባት ግን አልቻልኩም። ረቡዕ ሄጄ ነገርኩት።»

«ምን አለሽ?»

«አለቀሰ። ‹በሁሉም ፊት ያዋረድኳትን በሁሉም ፊት ይቅርታ እጠይቃታለሁ፤ ነገ የመልእክቱ መጨረሻ ላይ ስሚኝ› አለኝ። ሐሙስ ደወልኩ። መጨረሻው የለም። ከዚያ ሞተ አሉ። እኔ ስለነገርኩት ነው የሞተው ብዬ...»

«ለአንድ ጣት!» ጮኸ ደርበው። ሁሉም ዞሩ። «ለአንድ ጣት ስንት ዓመት የለፋሁበትን ስም አፈር ሊያደርገው! ረቡዕ ማታ ‹ነገ እናገርብሃለሁ› ብሎ ደወለልኝ፤ ጠዋት ለመንኩት፤ እግሩ ላይ ወደቅኩ፤ ካሴቱን አሳየኝና ጀርባውን ሰጠኝ። ሁላችሁም ትጠሉት አልነበር? አሁን ምን ሆናችሁ ነው እንደዚህ የምታዩኝ?»

መርማሪ ፖሊሱ ከኋላ መጥቶ ክንዱን ያዘው። ካሴቱ የት እንዳለ ሲጠይቀው፣ ደርበው ክሩን ጎትቶ አውጥቶ ኮክረን ቆሻሻ መጣያ ውስጥ እንደከተተው ተናገረ። በካቴና ሲወጣ ናሆሚና ጓደኞቿ ግድግዳውን ተደግፈው ያለቅሱ ነበር።

ከዚያ በኋላ የሆነው ያሳፍራል። ወንበር የቀየሩት ሁሉ ክንዳቸውን ዘርግተው ወደ ሩቂያ መጡ። አንዷ «እኛ እኮ ድሮም አላመንም ነበር» ለማለት እንኳ ደፈረች።

«አትንኩኝ» አለች ሩቂያ። «በድዬሻለሁ ሊለኝ ያሰበ አንድ ሰው ነበር፤ እሱንም ገደላችሁብኝ። አንድ እጅ መታው፤ ሁላችሁም ግን የመታውን ሰው ደብቃችሁ እኔን ሰጣችሁ። ሂዱ፣ ወደየቤታችሁ ግቡ!»

ጂሙ ባዶ እስኪሆን ቆማ ጠበቀች። ከዚያ ስልኩን አንሥታ ቁጥሩን መታች። ሙሉሸዋ ኮቷን እየለበሰች በሩ ላይ ቆመች። ሩቂያ ስለ ካልሲው፣ ስለ ኤግዚቢሽኑ፣ ስለ ዶሮ ወጡ አዳመጠች። ካሴቱ ቀጭ ብሎ ሲቆም ሩቂያ ስልኩን አልዘጋችም። ልጇን በአንድ እጇ አቀፈች።

«ጿሚውንም ሰጋጁንም በሰላም ያሳድረን» አለች በመጨረሻ፤ ስልኩንም አስቀመጠች።