የፔንጊሊዎች ቀይ መኪና

ቀይዋ የጭነት መኪና የለችም።

የምትቆምበት ሼድ ባዶውን ተከፍቶ ቀርቷል። እሷ በነበረችበት ቦታ የዘይት ጠብታ ብቻ ይታያል።

ክላይቭ ፔንጊሊ ኮፍያውን አወለቀ፣ መልሶ ደፋው። አያቱ መንጥረው ያቀኑትን የስንዴ እርሻ ሸጧል። ልጆቹ ከተማ ገብተው ቀርተዋል፣ ጉልበቱም አልታዘዝ ብሎታል። የመሬቱ ውል ተፈርሞ አልቋል። ዛሬ እኩለ ቀን ላይ ደግሞ ማጨጃ ኮምባይነሩም፣ ማረሻውም፣ መኪናዋም በጨረታ ሊሸጡ ነው። ጎረቤቱ ሁሉ መጥቶ ሜዳው ላይ የተደረደረውን ብረት ያገላብጣል።

"ዳሪል ነው!" አለ ክላይቭ። "ሌላ ማን ሊሆን?"

የጠራት ፖሊስ፣ ሳጅን ታኒያ ራፈርቲ፣ ልጅነቷን እዚህ ግቢ ስትቦርቅ ያሳለፈች ናት።

"ረጋ በል አጎቴ። ዳሪል ኖስኬ እኮ እሳት ሲነሳ ቀድሞ የሚደርስልህ ጎረቤት ነው።"

"መኪናዋን ሽጥልኝ እያለ ስንት ዓመት ሲነዘንዘኝ!"

ዳሪል ለካ ከኋላቸው ቆሞ ይሰማል። ፊቱ በርበሬ መሰለ።

"እኔን? ሌባ? በዚያች ቆርቆሮህ ላይ ዛሬ ልጫረት ብዬ ሸሚዝ ተኩሼ መጣሁ እኮ! ሁለተኛ ደጅህን ብረግጥ!"

ታኒያ መሃላቸው ገባች። እንዲህ ተኳርፈው ከተለያዩ እስከ መቃብር አይነጋገሩም። የእርሻ ሰው ኩርፊያ ክፉ ነው፣ እኛ እናውቀዋለን። መኪናዋ ከጨረታው በፊት መገኘት አለባት።

የጎማውን ዱካ ተከትላ፣ ሁለቱንም ከኋላዋ አስከትላ፣ ወደ ባቡር ሐዲዱ ከሚያወጣው የጓሮ በር ደረሰች። በሩ ተዘግቷል፤ ሰንሰለቱም በደንብ ተጠምጥሟል።

"የሚሮጥ ሌባ ወርዶ በር ይዘጋል እንዴ?"

"ዳሪል የገጠር ሰው ነው፣ ይዘጋል!" አለ ክላይቭ።

"እሺ፣ መኪናዋ እንዴት ነው የምትነሳው?"

"አመለኛ ናት። ካላወቅሽባት ንቅንቅ አትልም።"

"ማን ያውቅባታል?"

"እኔ ነኛ!"

"አጨዳ ላይ አንተ ኮምባይነሩ ላይ ነህ። ስንዴውን ወደ ጎተራ ማን ነበር የሚያመላልሰው?"

"ያው... ኖሪን ናታ።"

ክላይቭና ዳሪል ተያዩ።

"ባለቤትህ አሁን የት ናት?"

"ለጨረታው እንግዶች ኬክ ላደርስ ብላ በጠዋት ወጣች።"

ታኒያ ወጥ ቤት ገባች። ኬኩ በፎጣ ተሸፍኖ እዚያው አለ። ከኖሪን ወንበር ላይ ግን ትራሷ የለችም። ኖሪን አጭር ናት፤ ያለዚያች ትራስ ከመሪው በላይ አይታያትም።

መኪናዋን ሐዲዱ አጠገብ፣ ትልቁ የእህል ጎተራ በር ላይ ቆማ አገኟት። ኖሪን ጋቢና ውስጥ ሻይዋን ትጠጣለች።

"አንቺ ሴት፣ አብደሻል?" ብሎ ጮኸ ክላይቭ። "ፖሊስ ጠርቼ! ዳሪልን ሌባ ብዬ!"

"ዳሪልን? በል አሁኑኑ ይቅርታ ጠይቀው!"

ጠየቀ። ዳሪል ጉሮሮውን ጠራረገና "እሺ፣ ይሁን" አለ።

"ግን ለምን አክስቴ?" አለች ታኒያ፣ ሳቋን አፍና።

"ከሙሽርነቴ ጀምሮ በዚህ መንገድ ብቻዬን ተመላለስኩ። አንዴ አጠገቤ ተቀምጠህ አብረን እንሂድ ስለው፣ 'አጨዳ አይጠብቅም' ይለኛል። ባለፈው ሳምንትም ለመንኩት፣ 'ጨረታ ደርሷል' አለኝ። ከዛሬ በኋላ መኪናዋ የሰው ናት። ከጠፋች ግን ፍለጋ እንደሚመጣ አውቃለሁ።"

የክላይቭ ዓይን እንባ አቀረረ።

"እኔ እኮ..."

"ዝም ብለህ ግባ።"

በተሳፋሪው በኩል ዞሮ እጀታውን ታገለው። እምቢ አለው። በዚያ በኩል አንድም ቀን ገብቶ አያውቅም።

"ወደ ላይ ገፋ አድርገህ ሳበው፣ የኔ ጌታ" አለችው ኖሪን፣ ከውስጥ ጎንበስ ብላ።

ተከፈተ። ገባ። መኪናዋ አጓራችና ተነሳች።

"ጨረታውስ?" ብሎ ጮኸ ዳሪል።

ክላይቭ በመስኮቱ አንገቱን አወጣ።

"ይጠብቃ!"