አንሶላ ለብቻ አይታጠፍም

«ወጥሪው እንጂ፣ አንቺ እንቅልፋም!» አለች እናቷ።

ሚጣ የአንሶላውን ሁለት ጫፍ ይዛ ወደ ኋላ ሳበች። ከክፍል ከወጣች ጀምሮ ቁጭ አላለችም። የልብስ ማጠቢያ ቤቱ በእንፋሎት ታፍኗል፤ ከየእንግዳ ማረፊያው ለእጥበት የመጣው አንሶላ ተራራ አክሏል። አንሶላ ደግሞ ለብቻ አይታጠፍም። አንዱ ወዲያ አንዱ ወዲህ ሆነው ወጥረው ያራግፉታል፤ ከዚያ ተጠጋግተው ጫፍ ለጫፍ ያገጥሙታል።

ይህን ጫፍ ለዓመታት የያዘችው ሳቂቷ ጎረቤታቸው ነበረች፤ ሳቋ ከማሽኑ ጩኸት በላይ የሚሰማ። ከዚያ ሕግ ወጣ፤ ከዚህ በታች ደመወዝ መክፈል ክልክል ነው ተባለ። ሠራተኞቹ እልል አሉ። ወሩ ሲያልቅ የማጠቢያ ቤቱ ባለቤት ለሚጣ እናት በሕጉ መሠረት ጨመረላትና ሳቂቷን አሰናበተ። «ሁለታችሁንም በዚህ ዋጋ አልችልም። ልጅሽ ከትምህርት ቤት መልስ ታግዝሽ፤ ቤተሰብ እኮ ናችሁ» አላት። ቤተሰብ! ሀብታም ዝምድና ትዝ የሚለው ጉልበትህን በነፃ ሲፈልግ ነው።

ሚጣ እናቷን አትፈርድባትም። ከጭማሪው ወዲህ ዱቤዋን ስለከፈለች በባለ ሱቁ በር ስታልፍ አንገቷን መድፋት ትታለች። ሚጣ ግን ትናንት ክፍል ውስጥ እንቅልፍ ጥሏት፣ የሒሳብ መምህሩ ጠመኔ ወርውረው ነው የቀሰቀሷት።

ዛሬ ጠዋት ደግሞ ሳቂቷን መንገድ ላይ አገኘቻት። በየሰው ቤት እየዞረች ታጥባለች፤ ሕጉ እዚያ ድረስ አይገባም፤ የሚከፍሏት ከድሮውም ያነሰ ነው። የእጇ ቆዳ ተልጧል።

«እትዬ፣ ተቀየምሽኝ?»

«በምን ልቀየምሽ? ሹመት የቀማሽኝ መሰለሽ?» ሳቀች፤ ሳቋ ግን ግማሽ መንገድ ላይ ቀረ። «እኔስ ባለመማሬ ነው ጨርቅ ላይ የቀረሁት። አንቺ ምን ጎደለሽ?»

አንሶላውን እያጠፉ ሳለ ባለቤቱ በቢሮው በር ብቅ አለ። «ቅዳሜም ሙሉ ቀን ትምጣ» አላት እናቷን፣ ሚጣን ዞር ብሎ ሳያይ። «አዲስ ደንበኛ አግኝተናል።»

«ጋሼ፣ እየቀጠሩኝ ነው?» አለች ሚጣ።

«አይ የዛሬ ልጅ! አንቺ እናትሽን ነው የምታግዢው» አለና እየሳቀ ተመለሰ።

ሚጣ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «እማ፣ ከነገ ጀምሮ አልመጣም።»

«አበድሽ? እኔንም ያስወጣኛል!»

«ሊያስወጣሽ ይችላል። እኔ እስካለሁ ግን ጎረቤታችንን አይመልሳትም።»

«ጠበቃዋ ማን አደረገሽ? ሕግ ያወጡት ያልቻሉትን አንቺ ልትችይ!»

ሚጣ የአንሶላውን ጫፍ ከእናቷ ጫፍ ጋር ገጠመች። ሕጉ ባይወጣ እናቷ አንገቷን እንደደፋች በቀረች ነበር፤ ሕጉ ወጣና ሳቂቷ ደጅ ቀረች። የቱ እንደሚሻል ማሰቡ ራሱ ደከማት። የያዙትን አንሶላ እስከ መጨረሻው አጥፋ ለእናቷ ሰጠቻትና የደብተር ቦርሳዋን አነሳች።

እናቷ ተቆጥታ ከቁልሉ ሌላ መዘዘች። ለብቻዋ ልታጥፈው ስትሞክር ጫፉ እርጥቡ የሲሚንቶ ወለል ላይ ተጎተተና ጭቃ ነካው። ከዚያ የሚታጠበው ውስጥ መልሳ ጣለችው፤ ሻሿን አጥብቃ አሰረችና የቢሮውን በር አንኳኳች።

«ጋሼ፣ ስለ ጎረቤቴ የማነጋግርዎ ጉዳይ አለኝ።»

ሚጣ ወደ ቤት አልሄደችም። ቦርሳዋን እንዳነገተች በሩ አጠገብ ቆማ ጠበቀቻት።