ከአመዱ ውስጥ የጎደለው

የካሣ ሬሳ ሳውዲ ውስጥ ደማም ከተማ ዳር ካለው የቆሻሻ ግቢ፣ ከማቃጠያው ጉድጓድ ሲወጣ ኢብሳ ወደ ኋላ አፈገፈገ። እሳቱን የሚያነደው እሱ ነው፤ ከትናንት በስቲያ ከካሣ ጋር ሲናነቁም ሰው ነው የገላገላቸው። ኢቃማ፣ የመኖሪያ ወረቀት የለው፣ ዘመድ የለው! በየመን በኩል የገባ ልጅ በሰው ነፍስ ሲጠየቅ ማን ይሰማዋል? የሚጠብቀው ሰይፍ ነው።

ፕላስቲክ ለቃሚዋ ትንሳኤ ዘይኔን ከጎረቤት ከተማ ከኾበር አስጠራቻት። ዘይኔ ዛሬ የማዳም ድስት ትጠብ እንጂ ደሴ ላይ ስሟ የሚፈራ የፖሊስ መርማሪ ነበረች። ጎንበስ ብላ የሟቹን አፍ፣ አፍንጫና ማጅራት አየች።

«ጥላሸት አልገባበትም። ማጅራቱን ተመትቶ ሞቶ ነው የተጣለው።»

«ኢብሳ ነዋ!» አለ ጣሳ ለቃሚው ሞላልኝ። «አሠሪያችን ካፊሉ ከጁምዓ ሲመለስ እናስረክበውና ኸላስ፣ ነገሩ ያልቃል!»

«ወላሂ እኔ አይደለሁም» አለ ኢብሳ።

ዘይኔ አመዱን በብረት እየበተነች «ካሣ ምን አድርጓችሁ ነበር?» አለች።

«አለቃችን ነው፣ እትዬ» አለች ትንሳኤ። «ካሁን በኋላ መልቀም ማፊ፣ የለም፣ ሁሉም ይቃጠል ብሎ ሊያባርረን ነበር።»

«ሬሳው የተሸፈነበት ቆሻሻስ ተለቅሞ ነበር?»

«ኧረ! ማታ የመጣ ነው፤ ለዛሬ ብለን እንዳለ ተውነው።»

«ኢብሳ፣ አንተ ስታነድ ትለያለህ?»

«እኔ? የመጣውን ነው የምለቀው።»

ዘይኔ ሦስቱንም ወደ ጉድጓዱ አስጠጋቻቸው።

«ኢብሳ ቢሆን ጣሳውም አብሮ ይቀልጥ ነበር። አንዲት ጠብታ አሉሚኒየም የለችም። ትንሳኤ ብትሆን ጠርሙሱን ታወጣ ነበር፤ ይኸው ፕላስቲኩ ቀልጦ ድንጋይ ሆኗል። የጎደለው ጣሳ ብቻ ነው። ሰው ገድሎ እየተርበተበተ እንኳ ጣሳ ለእሳት መስጠት ያሳሳው ማነው?»

ሞላልኝ እጆቹን አያቸው።

«ሳላስበው እጆቼ ለቀሙት» አለ ቀስ ብሎ። «ልጆቼን የማበላበትን ሊያቃጥልብኝ ነበር እኮ!»

ወዲያው የካፊሉ መኪና ጥሩንባ ከውጭ ጮኸ። ትንሳኤ የኢብሳን ክንድ ይዛ ወደ ኋላው አጥር ገፋችው።

«ሩጥ እንጂ! ፖሊስ መምጣቱ አይቀርም፤ ኢቃማ ስለሌለህ ይይዙሃል!»

ኢብሳ ግን አልሮጠም። አጥሩ ቅርብ ነበር።

«ከሸሸሁ ገዳዩ እኔ እሆናለሁ» አለ። «ይያዙኝ። አገሬ ቢመልሱኝም በሕይወቴ ነው።»

ሄዶም በሩን ራሱ ከፈተው።