ሦስት ሩብ

«እየሰማሽኝ ነው ወይስ ከግድግዳው ጋር ነው የማወራው?»

መርፌ እየሰማች ነው። ያልመለሰችው አንገቷን ማዞር ስለፈራች ነው። ዓይኗን ወደ ጎን በላከች ቁጥር ጭንቅላቷ ውስጥ «ዝዝዝ» ይላል፤ የተላጠ የኤሌክትሪክ ገመድ የነካች ያህል። ከዚያ ወለሉ ለአንድ አፍታ ከእግሯ ሥር ይንሸራተትና ተመልሶ ይገጥማል። ስለዚህ ሰሌዳው ላይ የተጻፈው ቀመር ላይ ዓይኗን ተክላ ተቀመጠች።

አጠገቧ የተቀመጠችው ጓደኛዋ ከመጀመሪያው ደወል እስከ መጨረሻው አፏ ስለማያርፍ ክፍሉ በሙሉ «ሬዲዮ» ይላታል። መርፌን ደግሞ «መርፌ» ያሏት ቀጭን ስለሆነችና እናቷ ልብስ ሰፊ ስለሆነች ነው። ሰሞኑን ሦስተኛ ምክንያት ተጨምሯል፤ የቀረባትን ሁሉ ትወጋለች።

«አጎቴ ሲጋራ እንዴት እንዳቆመ ነግሬሻለሁ?» ሬዲዮ ድምፅዋን ቀንሳ ቀጠለች። «ፓኮውን በመስኮት ወረወረው። በቃ! ሦስት ቀን አበደ፣ በአራተኛው ሰው ሆነ። አንቺ ደግሞ ሦስት ሩብ፣ ግማሽ፣ ሩብ... ኪኒን ነው ወይስ ኬክ የምትቆርጡት?»

«ተይኝ።»

«ከፈተናው በፊት ተገላግዬው አርፋለሁ ብለሽ ስትፎክሪ አልነበር እንዴ? እኔ እኮ ላንቺ ብዬ...»

«ተይኝ አልኩሽ!»

የሒሳብ መምህሩ ጠመኔውን እንደያዘ ዞረ። ሬዲዮን ግን ሳቅ አፈናት። «ኧረ ቀስ! እንዳትሰበሪ።»

መርፌ ወደ እሷ ዞረች። ዝዝዝ አለ። ከዚያ ቃላቱ አንድ በአንድ፣ ጥርት ብለው ወጡ፤ «አባትሽ ጥሏችሁ የሄደው ለምን እንደሆነ አሁን ገባኝ። ይሄን አፍሽን ሊገላገል ነው።»

ሬዲዮ አፏን ከፍታ መልሳ ዘጋችው። ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ሲተዋወቁ መርፌ እሷን መልስ አጥታ ስታያት የመጀመሪያዋ ነበር።

«ቦርሳሽን ይዘሽ ወደ ቤትሽ» አለ መምህሩ። «ስትበርጂ እንነጋገራለን።»

መንገዱ ላይ ፀሐዩ ዓይኗን ይወጋት ጀመር። የመኪና ጡሩንባ ሲጮህ ጥርሷ ድረስ ተሰማት። ያን ያናገራት ኪኒኑ ነው ብትል ደስ ባላት፤ ግን የትኛው ቃል የት እንደሚያምም መርጣ የተናገረችው ራሷ ናት። ይህንን ስታስብ ይበልጥ ተናደደች፤ በማን እንደሆነ ግን አላወቀችም።

ባለፈው ዓመት ሳምንታት ሙሉ ከአልጋዋ መውረድ አቅቷት ነበር። ሐኪሙ «ድባቴ ነው» ብሎ ኪኒን አዘዘላት፤ በየወሩ እየተቀመጠም አነጋገራት። ቀስ በቀስ ምግቡም፣ ሳቁም፣ ትምህርቱም ተመለሰ። ዓመት ሲሞላት «አሁን ደረጃ በደረጃ እንወርዳለን» አላት። ከሙሉ ፍሬ ወደ ሦስት ሩብ፣ ለስድስት ሳምንት። ከዚያ ግማሽ፣ ለስድስት ሳምንት። ከዚያ ሩብ። መርፌ ቀኑን ቆጥራ ከዓመቱ መጨረሻ ፈተና በፊት እንደምትጨርስ አረጋግጣለች። «መጀመሪያ ትንሽ ያዞርሽ ይሆናል፤ ከዚያ ይለቅሻል» ብሏት ነበር ሐኪሙ።

ይኸው አምስተኛው ሳምንት ገባ። አለቀቃትም። እንዲያውም በየሳምንቱ ይብስባታል። ላብ ያጠምቃታል፣ ምግብ ሲሸታት ያቅለሸልሻታል፣ ማንኪያ ወለል ላይ ቢወድቅ ታለቅሳለች። በሦስት ሩብ እንዲህ ከሆነች በግማሹማ ምን ልትሆን ነው? ከትምህርት ቤቱ አጥር እስከ ሰፈሯ መታጠፊያ ድረስ ይህንኑ ስታመላልስ ቆየችና ወሰነች። እርግፍ አድርጋ ትተወዋለች። ዛሬውኑ። እንደ ሬዲዮ አጎት።

ቤታቸው ከፊት ስፌት ቤት፣ ከኋላ መኖሪያ ነው። አባቷ የረጅም መንገድ ሾፌር ስለሆነ በአብዛኛው ቤቱ የሁለቱ፣ የእናትና የልጅ ነው። ስትገባ እናቷ ስፒል በከንፈሯ ይዛ አንዲት ወፍራም ደንበኛ እግር ሥር ተንበርክካለች፤ ሴትየዋ አንድ ቀሚስ በመጠኗ እንዲስተካከልላት ቆማ ታወራለች።

«እኔ እኮ አልከሳሁም፤ ቀሚሱ ነው የሰፋው» ትላለች ደንበኛዋ።

«በዚህ ሰዓት ምን ልታደርጊ መጣሽ?» አለች እናት ስፒሉን ሳታወጣ።

መርፌ በጎን አልፋ፣ ከክሩ መደርደሪያ ላይ የኪኒን ሳጥኗን አንስታ ወደ መጸዳጃ ቤት ገባች።

ሳጥኗ ድሮ የልብስ ቁልፍ ማስቀመጫ ነበረች፤ ሰባት ክፍል አላት። እሑድ እሑድ እናቷ በአዲስ ምላጭ የሳምንቱን ኪኒን ቆርጣ፣ ለእያንዳንዱ ቀን ለየብቻ ታስቀምጥባታለች። እጇ ቀጥ ያለ ስለሆነ ፍርፋሪ እንኳ አይወጣውም። ጠዋት ጠዋት ቁራጩን ከውሃ ጋር መዳፏ ላይ ታደርግላታለች፤ መርፌም ዓይኗ በደንብ ሳይገለጥ ትውጠዋለች። ሳጥኗን ራሷ ከፍታ አታውቅም።

አሁን ከፈተቻት። ረቡዕ ስለሆነ የቀሩት አራት ናቸው፤ ከሐሙስ እስከ እሑድ። ሁሉንም መዳፏ ላይ ገለበጠችና ወደ ሽንት ቤቱ ጎንበስ አለች።

እጇን ግን ሳትደፋው ቆመች።

ሦስት ሩብ ማለት አንድ ጥግ የጎደለው ክብ ነው። መዳፏ ላይ ያለው እንዲያ አይደለም። የሐሙሱ ከግማሽ ትንሽ ይበልጣል። የዓርቡ ከሐሙሱ ያንሳል። የቅዳሜው ከዓርቡ። የእሑዱ ደግሞ ግማሽ እንኳ አይሞላም። ሁሉም ጠርዛቸው ልሙጥ ነው፤ የለመደ እጅ የሠራው ነው።

ወደ ስፌት ቤቱ ተመለሰች። የመቁረጫው ጠረጴዛ ላይ ጥቁር ጨርቅ ተዘርግቷል። አራቱን ቁራጮች ከትልቅ እስከ ትንሽ ጨርቁ ላይ ደረደረቻቸው።

«ይሄ ምንድን ነው?»

እናቷ ቀና ብላ አየች። ስፒሎቹን ከከንፈሯ አንድ በአንድ አውጥታ የስፒል ትራሷ ላይ ሰካቻቸው። «ግቢና ጠብቂኝ። ሰው አለ።»

«ይኑራ! ሦስት ሩብ ነው ያለው ሐኪሙ። ይሄ ሦስት ሩብ ነው?»

«እኔ ልሂድ መሰለኝ» አለች ደንበኛዋ።

«እንዳይንቀሳቀሱ፣ ይወጋዎታል» አለች እናት። እውነቷን ነው፤ ሴትየዋ ከወገቧ እስከ ጉልበቷ በስፒል ታጥራለች። ስለዚህ ዓይኗን ጣሪያው ላይ ሰቅላ እንዳልሰማ ሰው ቆመች።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?» አለች መርፌ።

«ከሁለተኛው ሳምንት።»

«በየቀኑ?»

«በየቀኑ ትንሽ። ጥፍር አታህልም።» እናት ተነስታ እጇን ቀሚሷ ላይ ጠረገች። «ይሄን ሥራ ሃያ ዓመት ሠርቼዋለሁ። ልብስ በአንድ ጊዜ ሁለት ጣት ካጠበብሽው ይጎተታል፤ ሰውም ይቆጣል። በየሙከራው ትንሽ ትንሽ ከወሰድሽለት ግን ማንም አይሰማውም። እንደዚያ ቀስ ብዬ ባወርድልሽ አይሰማትም ብዬ ነው።»

«ተሰማኝ!» የመርፌ ድምፅ ተሰነጠቀ። «እኔ ጨርቅ ነኝ? ሦስት ሳምንት ሙሉ ሳብድ፣ በሦስት ሩብ ያበድኩ እየመሰለኝ! አንቺ ደግሞ ቁጭ ብለሽ እያየሽ 'ጸባይሽ ተበላሸ' ትይኛለሽ!»

«ጸባይሽማ ተበላሽቷል!»

«ማን አበላሸው?»

ደንበኛዋን ሳል አሳላት።

እናት ወደ ሴትየዋ ሄዳ፣ ቀሚሱን ሳይወጋት አወለቀችላትና የራሷን ልብስ አቀበለቻት። ሴትየዋ የልብሷን ቁልፍ በመንገድ ላይ የምትቆልፍ እስኪመስል ተቻኩላ ወጣች። በሩ ሲዘጋ እናት ወንበር ላይ ተቀመጠች።

«ነገ ሰፈሩ ሁሉ ይሰማል» አለች። «ደስ አለሽ?»

«ለምን እንዳደረግሽው ንገሪኝ።»

«ስድስት ሳምንት፣ ስድስት ሳምንት፣ ደግሞ ስድስት ሳምንት! ልጄ እስከ መቼ በኪኒን ትኖራለች? አባትሽ በደወለ ቁጥር 'ጨረሰች?' ይለኛል። አንቺስ ብትሆኚ ከፈተናው በፊት ልገላገለው እያልሽ ስትነዘንዢኝ አልነበር?»

«ልገላገለው አልኩ። ሳትነግሪኝ ቀንሺልኝ አላልኩሽም።»

መርፌ ከጠረጴዛው ላይ የእናቷን ስልክ አነሳች።

«ማን ጋ ነው?»

«ክሊኒኩ ጋ።»

«ምን ልትያቸው?»

«የሆነውን።»

«እናቴ ናት ብለሽ?»

«ታዲያ ማን ልበላቸው? አይጥ በላው ልበል?»

ስልኩን ያነሳችው ነርሷ ናት፤ ሁልጊዜ የተቸኮለች የሚመስል ድምፅ ያላት ሴት። መርፌ ሁሉንም ነገረቻት። ነርሷ አልተደናገጠችም፣ አልተቆጣችም። ስለ ማዞሩ፣ ስለ እንቅልፉ፣ ራሷን የመጉዳት ሐሳብ መጥቶባት እንደሆነ አንድ በአንድ ጠየቀቻት። አልመጣባትም። «ቆይ፣ ሐኪሙን ላነጋግረውና እደውልልሻለሁ» አለቻት። እስክትደውል ድረስ እናትና ልጅ አንዷ በጠረጴዛው አንድ ጫፍ፣ ሌላዋ በሌላው ጫፍ ሆነው ጠበቁ። የእንፋሎት ካውያው ጥግ ላይ ይንተከተካል።

ስልኩ ጮኸ።

«ከነገ ጠዋት ጀምሮ ወደ ሦስት ሩብ ትመለሻለሽ» አለች ነርሷ። «እስክትረጋጊ እዚያው ላይ ትቆያለሽ። ስድስቱ ሳምንት ከነገ ይቆጠራል። ሰኞ ከእናትሽ ጋር ኑ። ከዚያ በፊት ከባሰብሽ፣ ያ የጠየቅሁሽ ሐሳብም ከመጣብሽ፣ ሰዓት ሳትመርጪ ደውይ። እስከዚያ በራስሽ እንዳትጨምሪ፣ እንዳትቀንሺ። እንዳታቆሚ ደግሞ።»

«ከፈተናው በፊት አልጨርስማ?»

«አትጨርሺም።»

መርፌ የሆነ ማጽናኛ ጠበቀች። ነርሷ ግን ሌላ ስልክ እየጮኸባት ነበር፤ ዘጋችው።

ስለዚህ ፈተናውን ኪኒን እየዋጠች ትፈተናለች። ሬዲዮ ትስቅባት ይሆናል፤ ከእንግዲህ ካነጋገረቻት። ደረጃ በደረጃ እወርዳለሁ ስትል አሁን ደግሞ ወደ ላይ ልትመለስ ነው። ለአፍታ ያ የመጸዳጃ ቤቱ ሐሳብ ተመልሶ መጣባት። አሁንም ይቻላል። አሥር እርምጃ ነው።

ሄዳ የመድኃኒቱን እሽግ ከመሳቢያ አወጣች። አንድ ፍሬ ጨርቁ ላይ አድርጋ አዲስ ምላጭ ከወረቀቱ ፈታች።

«እሱን ለእኔ...» አለች እናት።

«እንዳትነኪው!»

ምላጩን ኪኒኑ መሐል ባለው መስመር ላይ አሳረፈችው። እጇ ሰሞኑን ስክሪፕቶ እንኳ በወጉ አይዝላትም። ስትጫነው ፍሬው ለሦስት ተሰበረና አንዱ ስባሪ ከስፌት መኪናው ሥር ተፈናጠረ። ሌላ ፍሬ አወጣች። ትንፋሿን ይዛ፣ ክንዷን ጠረጴዛው ላይ አስደግፋ ሞከረች። ይህኛው ዱቄት ሆነ።

«ምላጭ እንደሱ አይያዝም» አለች እናት ካለችበት ሳትነሳ።

«አትንገሪኝ።»

ሦስተኛውን ፍሬ አውጥታ አስቀመጠችው። ጣቶቿን አየቻቸው። ቢያዝዟቸው የሚሰሙ አይመስሉም። ከዚያ የእናቷን ጣቶች አየች፤ ጫፋቸው በመርፌ የተበሳሳ፣ ወንበሩ ክንድ ላይ ጸጥ ብለው የተቀመጡ። እነዚህ ጣቶች ናቸው ሦስት ሳምንት ሙሉ የዋሿት። በዚህ ቤት ውስጥ ይህን ነገር በትክክል መቁረጥ የሚችሉትም እነሱ ብቻ ናቸው። ሁለቱም እውነት መሆናቸው ከሁሉ በላይ አናደዳት።

ኪኒኑንና ምላጩን በጠረጴዛው ላይ ወደ እናቷ ገፋቻቸው።

«ቁረጪው። ሦስት ሩብ።»

እናት ወንበሯን አስጠግታ ምላጩን አነሳች። መርፌ ተንበርክካ አገጯን ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ አሳረፈች፤ ዓይኗ ከኪኒኑ ጋር እኩል ሆነ። አላዞረችውም። እናት አንዴ ተጫነች፤ ግማሽ። ከግማሹ ደግሞ አንዴ፤ ሩብ። ሩቧን በጥፍሯ ወደ ጎን ገፋች። ከዚህኛው አንድም ብናኝ አልወጣም።

«የሌሎቹንም ቀናት ልቁረጣቸው?» አለች እናት። ድምፅዋ ውስጥ አሁንም ቁጣ አለ፤ ከቁጣው ሥር ግን የሆነ ነገር ይለምናል።

«የነገን ብቻ።»

«አታምኚኝማ።»

መርፌ ግማሹንና አንዱን ሩብ ሳጥኗ ውስጥ ከታ፣ ሳጥኗንም እሽጉንም ይዛ ተነሳች። ወለሉ ሊንሸራተት ሲል የጠረጴዛውን ጠርዝ ያዘች፤ እስኪያልፍ ጠበቀች።

«ነገ ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ እነሳለሁ» አለች። «ምላጩን አዘጋጂ፤ የሐሙሱን እውጣለሁ፣ የዓርቡን እኔ እያየሁ ትቆርጫለሽ።»