በቀትር የሚልሰው

ይህን የነገረኝ ሰው የለም። በዓይኔ ያየሁት ነው።

አላምንም የምትሉ ካላችሁ አልፈርድባችሁም። ሌላ ሰው ቢነግረኝ ኖሮ እኔም አላምንም ነበር።

ጨለማ ውስጥ የሆነ ነገርም አይደለም። ሁሉም የሆነው ሸዋ ሮቢት ውስጥ፣ በግንቦት ወር፣ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ነው።

ሸዋ ሮቢትን በግንቦት የሚያውቃት ሰው ይገባዋል። ስድስት ሰዓት ሲሆን ባጃጆቹ ጥላ ፈልገው ይቆማሉ። ግማሹ ሱቅ ይዘጋል። ሰው ቬንትሌተር ስር ወይም ዛፍ ስር ይጋደማል።

እስከ ዘጠኝ ሰዓት ድረስ ከተማው ጭር ይላል... ውሻ እንኳ አይጮህም።

ነዒማ እባላለሁ። የእንስሳት ጤና ተምሬ አንዲት ትንሽ የእንስሳት መድኃኒት መሸጫ ከፍቻለሁ። ሰው ወደኔ የሚመጣው በአብዛኛው ለከብት መዥገርና ለዶሮ በሽታ ነው። ስለ ውሻ የሚጠይቀኝ በዓመት ሦስት ሰው ቢሆን ነው።

ከሦስቱ አንዷ እትዬ ሐይማኖት ነበሩ።

"ነዒማ፣ ውሻችን ራሱን በልቶ ሊጨርስ ነው።"

"ያካል ወይስ ይልሳል?"

"ይልሳል። አንድ ቦታ ብቻ። የኋላ እግሩን።"

"የቀባችሁት ነገር አለ?"

መሬት መሬቱን አዩ።

"ይንገሩኝ እትዬ፣ አልቆጣም።"

"ጋራዥ ያሉት ልጆች የተቃጠለ ዘይት ሰጡኝ። ለእከክ የሚያክለው የለም አሉኝ።"

"እሱ ለባጃጅ ነው እትዬ። ሲልሰው ሆዱ ይገባል። መርዝ ነው።"

"ለዚያ ነዋ ያስታወከው" አሉ፣ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው።

ተከትያቸው ሄድኩ። ቤታቸው ከከተማው ዳር፣ ወደ ወንዙ በሚወስደው መንገድ ላይ ነው። የሚኖሩት ከወንድማቸው ከጋሼ ደምሴ ጋር ነው። ጋሼ ደምሴ የከባድ መኪና ሹፌር ነበሩ። ከአራት ዓመት በፊት ካራቆሬ አጠገብ መኪናቸው ተገልብጦ ከወገባቸው በታች አይሰማቸውም። ከዚያ ወዲህ ያቺ አንድ ክፍልና ያ አልጋ ናቸው ዓለማቸው።

ውሻው ደግሞ ከአልጋው አጠገብ አይነሳም። ሻምበል ይሉታል። ቡናማ፣ ትልቅ፣ ጨዋ ውሻ ነው።

ጓንቴን ሳጠልቅ ጋሼ ደምሴ በክርናቸው ቀና አሉ።

"አንቺ ውሻ ትነኪያለሽ እንዴ? በእናንተ አይከለከልም?"

"ከላሰኝ ሰባት ጊዜ እታጠባለሁ ጋሼ። አንዱን በአፈር።"

"ሰባት ጊዜ... እኔን ሐይማኖት በሳምንት አንዴ ነው የምታጥበኝ። እሱንም እያጉረመረመች።"

"ሳሙና ዓይኔ ገባ እያልክ ባትጮህ ሁለቴ አጥብህ ነበር" አሉ እትዬ ሐይማኖት ከበሩ ላይ።

ሳቅን። ከዚያ ጋሼ ደምሴ እጃቸውን የውሻው ራስ ላይ አሳርፈው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

"አድኚልኝ። ቀኑን ሙሉ አብሮኝ የሚውል ከሱ ሌላ የለኝም።"

እግሩን አየሁት። ከቁርጭምጭሚቱ ከፍ ብሎ፣ የአንድ ብር ሳንቲም የምታክል ክብ ቁስል። መዥገር የለም። ቁንጫ የለም። ቆዳውን ፍቄ አየሁ፣ እከክም አይደለም። የቀረው ፀጉሩ ያብረቀርቃል።

አንድ ነገር ግን ገረመኝ። ራሱን የሚልስ ውሻ ቁስሉን ይነክሳል፣ ዙሪያውን ያቆሽሻል። የዚህ ጠርዝ በብርጭቆ አፍ የተሰመረ ይመስል ነበር።

"መቼ መቼ ነው የሚልሰው?"

"ቀትር ላይ" አሉ ጋሼ ደምሴ። "ቀትር ላይ ብቻ።"

ሙቀቱ ይሆናል ብዬ አለፍኩት።

ዘይቱን በሳሙና አጠብኩለት። ቁስሉን ቅባት ቀባሁት። ከዚያ አንድ ቢጫ ጀሪካን ከላይም ከታችም ቆርጬ፣ ስለቱን በጨርቅ ጠቅልዬ አንገቱ ላይ አጠለቅኩለት። አፉ እግሩ ጋ እንዳይደርስ ነው። ቁስል የሚድነው ምላስ ሲርቀው ነው።

በሦስተኛው ቀን ስልኬ ጮኸ።

"ልሶታል" አሉ እትዬ ሐይማኖት። "ሰፍቷል።"

"ጀሪካኑ ወልቆ ነዋ።"

"አልወለቀም።"

"ላልቶ ይሆናል።"

"ነዒማ... አልላላም።"

በራሴ ዓይን ላየው ስድስት ሰዓት ሲሆን ሄድኩ። እትዬ ሐይማኖት ጓሮ ማንጎው ስር ሽንኩርት ይመርጡ ነበር። ብቻዬን ገባሁ። ጋሼ ደምሴ ነቅተዋል፣ ግን ሰላምታዬን በዓይናቸው ብቻ መለሱ።

ከበሩ አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀመጥኩ። ስድስት ሰዓት ከሩብ። ስድስት ከሃያ።

ስድስት ተኩል ሲሆን ሻምበል ተነሳ። ሁለቴ ዞረ። ፊቱን ወደ ግድግዳው አድርጎ ተኛ።

ከዚያ የኋላ እግሩን ወደ አልጋው ስር ዘረጋ... ቀስ ብሎ... ለመርፌ ክንዱን እንደሚሰጥ ሰው።

ዓይኑን ጨፈነ።

ላጥ...

ላጥ...

ላጥ...

የሻካራ ምላስ ድምፅ ነው። ላም ጥጃዋን ስትልስ ሰምቼዋለሁ፣ አልሳሳትም። የሻምበልን አፍ አየሁት። ገጥሟል። ጀሪካኑ ግድግዳውን ነክቷል።

እግሩ ላይ ያለው ፀጉር ግን ይተኛል፣ ይነሳል። ይተኛል፣ ይነሳል። በተኛ ቁጥር ይረጥባል።

ተንበርክኬ አልጋው ስር አየሁ። ሲሚንቶ ነው። አንድ የተጣለ ካልሲ አለ። ሌላ ምንም የለም።

"ሰማሽው?" አሉ ጋሼ ደምሴ በሹክሹክታ።

አዎ ብዬ ራሴን ነቀነቅኩ።

"መጀመሪያ እኔ ጋ ነበር።"

"ምኑ?"

"አላውቅም። እግሬ አይሰማኝ፣ በምን ልወቅ። ሐይማኖት ስታጥበኝ ነው ቁስል ያየችው። መኝታ ያመጣው ነው አልን። ከዚያ አንድ ቀን ይሄ ውሻ አልጋዬ ላይ ወጣ፣ እግሩን በእግሬ ላይ አጋደመ። የኔ ዳነ... የሱ ጀመረ።"

የምላሱ ድምፅ ቆመ። ሻምበል ዓይኑን ገለጠ፣ እግሩን ወደ ራሱ ሰበሰበ፣ ተንቀጠቀጠ።

"ውሰጂው" አሉኝ።

"ጋሼ..."

"በኔ ምክንያት እያለቀ ነው። ከዚህ ቤት ካወጣሽው ይድናል፣ አይድንም?"

ይኼን ጥያቄ እስከ ዛሬ እሰማዋለሁ። የተማርኩት መልስ አለኝ። የሚያሳክከው ነገር ያለው ቦታው ላይ ከሆነ እንስሳውን ከቦታው አርቀው። መጽሐፉ የሚለው ይህንን ነው።

"ይድናል" አልኩ።

"እርስዎስ?" አላልኩም።

በባጃጅ ወስጄ ከመድኃኒት ቤቱ ጀርባ ያለችው ክፍል ውስጥ አስቀመጥኩት። በሁለተኛው ቀን ቁስሉ ደረቀ። በአምስተኛው ቀን ጠርዙ ላይ ፀጉር በቀለ። ቀትር ላይ ግን አይተኛም። በሩ ስር አፍንጫውን ደቅኖ ያለቅሳል። ናፍቆት ነው ብዬ ሥጋ ሰጠሁት። አልበላም።

በየቀኑ ወደ እትዬ ሐይማኖት እደውላለሁ።

"ጋሼ እንዴት ናቸው?"

"ደህና ነው። ይተኛል።"

በሰባተኛው ቀን ይህን ጨመሩልኝ።

"በዚህ ሙቀት ብርድ ልብስ ደርቢልኝ ይላል እንጂ ደህና ነው። አትግለጪኝ፣ አትጠቢኝ ይላል። አኩርፏል መሰለኝ፣ በውሻው።"

ሰማሁ። ጆሮዬ ሰምቷል። በግንቦት፣ ሸዋ ሮቢት ውስጥ፣ ብርድ ልብስ...

"ሻምበልን ሳመጣላቸው ይስቃሉ" ብዬ ስልኩን ዘጋሁ።

በዘጠነኛው ቀን፣ ቀትር ላይ፣ የዳነውን ውሻ ይዤ ሄድኩ። ደስ ብሎኝ ነበር። ከባጃጁ ሳላወርደው ዘሎ ወደ ቤት ሮጠ።

ስደርስ አልጋው ስር ገብቶ የኋላ እግሩን ዘርግቷል። ፀጉር የበቀለበትን፣ ጤነኛውን እግር። ዓይኑን ጨፍኖ ይጠብቃል።

ማንም አልነካውም።

ድምፁ ግን ክፍሉ ውስጥ ነበር። ከላይ። ከብርድ ልብሱ ስር።

ላጥ... ላጥ...

"ለምን አመጣሽው?" አሉ ጋሼ ደምሴ። ከንፈራቸው ደርቋል። "አሁን እሱን አይፈልገውም።"

ቢስሚላህ ብዬ ብርድ ልብሱን ገለጥኩ።

ደም አልነበረም። ሽታ እንኳ አልነበረም። ከጉልበታቸው በታች ያለው አጥንት ወጥቶ ይታያል... ነጭ... ለስላሳ... ተልሶ እንዳለቀ ሳህን ንጹሕ። ዙሪያው በብርጭቆ አፍ የተሰመረ ይመስላል።

"አውቀው ነው?" አልኳቸው። "አውቀው ነው የደበቁን?"

"ብነግራችሁ ውሻውን ትመልሱት ነበር።"

እትዬ ሐይማኖት ከኋላዬ ቆመው ነበር። አልጮኹም። ሽንኩርት የያዘ እጃቸውን እንደዘረጉ ግድግዳውን ተደግፈው ቁጭ አሉ።

ሐኪም ቤት ወሰድናቸው። ሐኪሙ እንዲህ ያለ ነገር አይቶ እንደማያውቅ አልደበቀንም። ደማቸው ተመርዟል አለ። ከሦስት ቀን በኋላ፣ ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ አረፉ።

ውሻው በኔ ዳነ። እሳቸው በኔ ሞቱ። ከዚህ ሌላ ምን ብዬ ልጽፈው እንደምችል አላውቅም።

የለቅሶው ድንኳን ግቢው ውስጥ ተተከለ። በማግስቱ ለማስተዛዘን ሄድኩ። ቀትር ነበር። ሃያ ሠላሳ ሰው አግዳሚ ላይ ተደርድሮ በዝቅተኛ ድምፅ ያወራል። እትዬ ሐይማኖት መሬት ላይ ተቀምጠዋል። እጄን ያዙኝ።

"ምነው ባልጠራሁሽ" አሉኝ። ቁጣ የለበትም። ደክሟቸው ነው።

አጠገባቸው ተቀመጥኩ።

ሻምበል ከቤት ወጥቶ ወደ ድንኳኑ ሲገባ ያየሁት እኔ ብቻ ነኝ።

በአግዳሚዎቹ ስር አንድ በአንድ አለፈ። ነጠላ ጫማ፣ የፕላስቲክ ጫማ፣ የተሰነጠቀ ተረከዝ። አንዱ እግር ጋ ቆመ... ተወው። ወደሚቀጥለው ሄደ... ተወው። ተመለሰ። ሰዎች ሳያዩት በእግራቸው ገፋ ገፋ ያደርጉታል።

በመጨረሻ መሀል ላይ ተኛና እግሩን ዘረጋ። ጠበቀ። እግሩ እንደደረቀ ነው።

ሰዓቴን አየሁ። ስድስት ሰዓት ተኩል።

ከድንኳኑ ዳር ያሉ አንዲት እናት ወሬያቸውን ሳያቋርጡ ቁርጭምጭሚታቸውን አከኩ።

ቀጥሎ አጠገባቸው ያለው ሰውዬ ጎንበስ ብሎ አከከ።

ቀጥሎ ያለችው ልጅ አንዱን እግሯን በሌላው እግሯ አሸች።

ቀጥሎ ያሉት ሽማግሌ...

ቀጥሎ ያለው...

ረድፉን ተከትሎ እየመጣ ነበር። ማንም ቀና ብሎ አላየም። ልጩህ ብዬ አፌን ከፈትኩ። ምን ብዬ ልጩህ?

አንዲት ወጣት እናት ጋ ሲደርስ ቆመ። እሷ አላከከችም። እቅፏ ውስጥ የስድስት ወር ልጅ ተኝቷል። ልጁ በእንቅልፉ አንዴ ተወራጨና ረጋ።

እናቱ የልጁን እግር ዳሰሰች። ካልሲውን አወለቀችና ጨመቀችው። ጣቶቿ መሀል ውሃ ወጣ።

ግራ ገብቷት ቀና ብላ የድንኳኑን ጣሪያ አየች፣ የሚያፈስ ቦታ ፍለጋ።

ዝናብ ከጣለ ወር አልፎት ነበር።